በረዶ የማይቆይበት መስመር

በሀገራችን እሳት የሚነደው ሰው ባለበት ነው። ምድጃው ያለበት ክፍል ይሞቃል፣ ከዚያ የራቀ ይበርደዋል። በሰሜን አሜሪካ ገጠር ግን እሳቱን ከቤት አውጥተው ደጅ ያቆሙት ሰዎች አሉ። በሚኒሶታ ወይም በዊስኮንሲን የገጠር መንገድ የተጓዛችሁ አይታችሁት ይሆናል፤ ከእርሻ ቤቱ ራቅ ብሎ የቆመ፣ ትንሽ የቆርቆሮ ጎጆ የሚመስል፣ አናቱ ላይ አጭር የጭስ ማውጫ ያለው ነገር ነው። ጎጆ ሳይሆን በእንጨት የሚሠራ የደጅ ቦይለር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። መሃሉ ላይ ማገዶ የሚነድበት ትልቅ የብረት ሆድ አለ። ያንን ሆድ ዙሪያውን ውሃ ከቦታል። እሳቱ ውሃውን ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያደርሰዋል። ትንሽ ፓምፕ የሞቀውን ውሃ ከመሬት በታች በተቀበረ ቱቦ ወደ ቤት ይልከዋል። ቤት ውስጥ ውሃው እንደ መኪና ራዲያተር ባለ ነገር ውስጥ ሲያልፍ ማራገቢያው ሙቀቱን ወስዶ ወደ ክፍሎቹ ይበትነዋል። የቀዘቀዘው ውሃ በሁለተኛ ቱቦ ተመልሶ ይመጣል፤ እንደገና ይሞቃል፤ እንደገና ይሄዳል። ጭሱ፣ አመዱና የቃጠሎ ስጋቱ ከቤት ይርቃሉ። በምትኩ ሙቀቱ መንገደኛ ይሆናል። መንገደኛ ደግሞ በመንገድ ላይ ሊዘረፍ ይችላል።

የእነዚህ ቦይለሮች ጭስ ጎረቤት ስለሚያስቸግር የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣውና በ2020 ባጠበቀው ደንብ በአዲሶቹ ላይ የጭስ ገደብ ጥሏል። የምነግራችሁ ግን ከዚያ በፊት ስለተሠራ አንድ አሮጌ ቦይለር፣ ስለ ሁለት ቱቦዎችና ስለ አባቴ ነው።

እህቴና ባለቤቷ ከሚኒያፖሊስ በስተደቡብ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ አሮጌ የእርሻ ቤት ሲገዙ ቦይለሩ አብሮ መጣ። ባለቤቷ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ሳምንቱን መንገድ ላይ ያሳልፋል። እህቴ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። እሳቱን የመጠበቁ ሥራ ለአባታችን ቀረ።

አባቴ ሆሳዕና አካባቢ 34 ዓመት ያስተማረ መምህር ነው። አሁን 71 ዓመቱ ነው። ሀገር ቤት ሳለ መንገድ በወጣ ቁጥር “መምህር!” ብሎ የሚያቆመው ሰው አይጠፋም ነበር። እዚህ የቅርቡ ጎረቤት ግማሽ ኪሎ ሜትር ይርቃል። መኪና አይነዳም። ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው እህቴ ወይም ባሏ እሑድ ሲያርፉ ነው። በሳምንቱ መካከል የሚፈልገው ሰው የለም። ቦይለሩ ግን ይፈልገዋል።

እንደ ልማዱ መዝገብ ያዘለት። የተማሪ ስም በሚጻፍበት ቦታ ቀኑን፣ ምልክት በሚደረግበት ቦታ የውጭውን ቅዝቃዜና በዚያ ቀን የገባውን ፍልጥ ብዛት ይጽፋል። የትኛው እንጨት ቶሎ እንደሚያልቅ፣ የትኛው ፍም እንደሚይዝ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእኛ ሁሉ በላይ አወቀ። ዋርካና ግራር ባይኖርም ኦክን አግኝቶ “ይኼ የወይራ ዘመድ ነው” አለ። ዘመድ አለመሆኑን እያወቀ ነው፤ ለማመስገን ነው።

ችግሩ የመጣው በሁለተኛው ክረምት ነው። ቦይለሩ ማገዶ አይጠግብም ነበር። አባቴ በ24 ሰዓት ውስጥ አምስት ጊዜ ይወጣል። ከአምስቱ አንዱ በሀገራችን አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። በጃንዋሪ የሚኒሶታ ሌሊት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። አንድ ሌሊት በረዶ አንሸራተተውና በእጁ ላይ ወደቀ። አጥንቱ አልተሰበረም፤ የእጁ አንጓ ግን አበጠ። ያን ሌሊትም ፍልጡን በአንድ እጁ አስገብቶ ነው የተመለሰው።

የእህቴ ባል ከመንገድ ሲመለስ ነገሩን ሰማ። በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ላይ፣ “አባባ፣ በቃ። ለሚቀጥለው ክረምት ፕሮፔን ጋዝ እናስገባለን። ቦይለሩን እንዘጋዋለን። እርስዎ ይረፉ” አለው። በፍቅር ነው የተናገረው። አማቱን እንደ ወላጅ አባቱ የሚያይ ሰው ነው። አባቴም “እሺ ልጄ፣ ተባረክ” አለ። ከዚያ በኋላ ግን፣ እህቴ እንደነገረችኝ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ከሰላምታ በቀር አልተናገረም።

በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ። ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፤ ስለማስተምራቸው ወጣቶች ጠየቀኝ። ስንብት ላይ ስንደርስ፣ “አንድ ነገር ንገረኝ” አለኝ። “እሳቱ ከተዘጋ በኋላ ጠዋት የምነሣው ለምንድን ነው?”

መልስ አልነበረኝም። “ቅዳሜ እመጣለሁ” አልኩት።

ወሩ ፌብሩዋሪ ነበር። ደርሼ በፎቁ መስኮት ወደ ጓሮ ስመለከት መሬቱ ሁሉ ነጭ ነው። ከቦይለሩ እስከ ቤቱ ግርጌ ግን እንደ ጠባብ የእግር መንገድ የሆነ፣ ሣር የሚታይበት መስመር ተዘርግቷል። ማንም አልጠረገውም። አባቴ ከኋላዬ ቆሞ፣ “እዚያ ላይ በረዶ አይቆይም። ድመቷም ፀሐይ ስትወጣ የምትተኛው እዚያ ነው” አለኝ።

ኮሌጅ የተማርኩት መካኒካል ምህንድስና ነው። የድመቷ መኝታ ምን እንደሚል ለማንበብ ግን ያን ያህል ትምህርት አያስፈልግም። ሙቀቱ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ አፈሩ እየሄደ ነው። የቀረው ጥያቄ ምን ያህል የሚለው ነው። ይህን ደግሞ በመገመት ሳይሆን በመለካት ነው የምናውቀው።

አራት ቦታ ለካን፤ ውሃው ከቦይለሩ ሲወጣ፣ ቤት ሲገባ፣ ከቤት ሲወጣና ቦይለሩ ጋ ሲመለስ። ሁለት ቴርሞሜትሮች እርስ በርስ ላይስማሙ ስለሚችሉ በአንድ ቴርሞሜትር ብቻ ተጠቀምን። የእሳቱ ኃይል ከፍ ዝቅ ስለሚል ደግሞ ዙሩን ሦስት ጊዜ ደግመን አማካዩን ወሰድን። አባቴ መዝገቡ ላይ እንዲህ ጻፈው፤ ከቦይለር ሲወጣ 82፣ ቤት ሲገባ 80.3፣ ከቤት ሲወጣ 74.3፣ ቦይለር ሲመለስ 73።

ቁጥሮቹን አብረን እንያቸው። ውሃው በዙሩ ሁሉ 9 ዲግሪ አጥቷል። ከእነዚህ ውስጥ ቤቱ ያገኘው 6 ብቻ ነው። በመሄጃው 1.7፣ በመመለሻው 1.3፣ በድምሩ 3 ዲግሪ መሬት ወሰደው። 3 ዲግሪ ሲሰሙት ትንሽ ነው፤ እጃችሁን ብትነክሩ ልዩነቱ አይታወቃችሁም። ከ9 ላይ ሲታይ ግን ሲሶ ነው። አባቴ ተሸክሞ ከሚያስገባቸው ሦስት ፍልጦች አንዱ የሚያሞቀው አፈር ነበር ማለት ነው።

በሌላ መንገድም አሰላነው። ፓምፑ በደቂቃ 30 ሊትር ያህል ይገፋል፤ በሰዓት 1,800 ሊትር ነው። ያ ሁሉ ውሃ 3 ዲግሪ ሲያጣ በመንገድ የሚቀረው ሙቀት ወደ 6.3 ኪሎ ዋት ይደርሳል። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ስለሚወስድ፣ ሁለት ምጣድ ጓሮ ተቀብሮ ሌት ተቀን እንደተሰካ ቁጠሩት። በእንጨት ሲመነዘር ደግሞ፣ ደረቅ እንጨት በኪሎ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ቢኖረውና አሮጌው ቦይለር ግማሹን ብቻ ለውሃው ቢያደርስ፣ በቀን 75 ኪሎ ማገዶ ይሆናል።

“75 ኪሎ” አለ አባቴ። “ኩንታል ሊሞላ 25 የቀረው።” ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፣ “እንግዲህ ለትሎቹ እሳት ሳነድ ከርሜአለሁ” ብሎ ሣቀ። ከወደቀ ወዲህ ሲሥቅ ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

የእህቴ ባል መዝገቡን ሲያይ አልተከራከረም። አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ግን ጠየቀ፤ “ቱቦው ቢቀየር አባባ በቀን ስንት ጊዜ ይወጣሉ?” ሲሶው ማገዶ ከቀረ ከአምስት ወደ ሦስት፣ በጣም በሚበርድበት ቀን ወደ አራት ሊወርድ ይችላል። ቢያንስ የሌሊት 9 ሰዓቱ ይቀራል። “እንግዲያው ውጊያዬ ከቦይለሩ ጋር አይደለም፤ ከዘጠኝ ሰዓቱ ጋር ነው” አለ። በዚህ ተስማሙ። አባቴ በበኩሉ ሁለት ነገር ተቀበለ። ወደ ቦይለሩ በሚወስደው ደረጃ ላይ የእጅ መደገፊያ ይሠራል፤ በረዶው ላይም አሸዋ ሳይበተን አይወጣም።

ቀጥሎ የገንዘብ ጉዳይ መጣ። ገበያ ላይ ብዙ ዓይነት ቱቦ አለ። ርካሹ በአንድ ጫማ 6 ዶላር፣ ጥሩው 16 ዶላር ነበር። ከነትርፉ 140 ጫማ ስለሚያስፈልግ ልዩነቱ 1,400 ዶላር ይሆናል። የጭነት መኪናውን ዕዳ ለሚከፍል ቤተሰብ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ርካሹ ውሃ ተሸካሚዎቹ ሁለት ቱቦዎች በብር ቀለም ባለው፣ እብጥ እብጥ ባለ ፕላስቲክ ተጠቅልለው በጥቁር ሽንትር ቱቦ ውስጥ የተከተቱበት ነው። ደረቅ እስከሆነ ድረስ ይሠራል። ጥሩው ደግሞ በቱቦዎቹና በውጪው ሽፋን መካከል ምንም ክፍተት ሳይተው ጠንካራ ፎም የተሞላበት ነው። የፎሙ ቀዳዳዎች እያንዳንዳቸው የተዘጉ ስለሆኑ ሽፋኑ አንድ ቦታ ቢቀደድ እንኳ ውሃ ቱቦውን ተከትሎ ሊሄድ አይችልም። ውሃ ሙቀትን የሚያሳልፈው ካልተንቀሳቀሰ አየር ከ20 እጥፍ በላይ ስለሆነ ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ባልና ሚስቱ ሌሊቱን ተነጋግረው ጥሩውን መረጡ።

መሬቱ እስኪቀልጥ፣ የበጋው ሥራም እስኪያልፍ ጠብቀን ኦክቶበር ላይ ጀመርን። በአሜሪካ መሬት ከመቆፈር በፊት 811 መደወል ግዴታ ነው። ባለሙያዎች መጥተው የተቀበረውን በቀለም ምልክት ያደርጋሉ፤ ቀይ ለኤሌክትሪክ፣ ቢጫ ለጋዝ፣ ሰማያዊ ለመጠጥ ውሃ፣ ብርቱካናማ ለስልክና ለኢንተርኔት፣ አረንጓዴ ለፍሳሽ። ነገር ግን ምልክት የሚያደርጉት የድርጅቶቹን መስመር ብቻ ነው። ከቤቱ ወደ ቦይለሩ ፓምፕ የሚሄደው ሽቦ የግል ስለሆነ አያዩትም። እሱን በእጅ እየቆፈርን መፈለግ ነበረብን።

ለዚህ ሥራ ስድስት የወጣት ክፍል ልጆች አርብ ከትምህርት በኋላ አካፋ ይዘው መጡ። የእህቴ ባል የተከራየው ትንሽ ኤክስካቫተር ከአሮጌው መስመር አንድ ሜትር ፈቀቅ ብሎ አዲስ ቦይ ቆፈረ። ፈቀቅ ያልነው አሮጌው እስከ መጨረሻው ቀን እንዲሠራ ነው። በዚያ አካባቢ የሕንፃ መሠረት ቢያንስ 42 ኢንች፣ ማለትም 107 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ብርዱ መሬቱን እስከዚያ ያቀዘቅዛል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። እኛ 120 ሴንቲ ሜትር ወረድን። ልጆቹ ሽቦው ያለበትን ቦታ በአካፋ፣ በመጨረሻም በእጃቸው አፈሩን እየፈቀፈቁ አገኙት። አባቴ ከቦዩ አፋፍ ላይ ቆሞ፣ “ቀስ! ሽቦ ነው እንጂ ድንች አይደለም” ይላቸው ነበር። አማርኛ በደንብ የማይሰሙት ሁለቱ ምን እንዳለ ከሌሎቹ ጠይቀው ዘግይተው ሣቁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከቦዩ ግርጌ አሸዋ አነጠፍን። ጥቅሉ ከባድና ግትር ነው፤ በብርድ ደግሞ ይብሳል። ፀሐይ ላይ ዘርግተን እስኪለዝብ ከጠበቅን በኋላ ስምንት ሆነን ተሸክመን አወረድነው። ከመሬት በታች አንድም መገጣጠሚያ የለውም። የሚያፈስ ነገር ካለ የሚያፈሰው በዓይን በሚታይበት፣ በሁለቱ ጫፎች ላይ መሆን አለበት። ጫፎቹ ውሃ እንዳያስገቡ በሙቀት በሚኮማተር የጎማ ቆብ ታሸጉ። ከዚያ ቱቦዎቹን በአየር ግፊት ሞልተን፣ አፈር ሳንመልስባቸው አሳደርናቸው።

ከሰዓት በኋላ አሮጌውን መስመር ቆርጠን አወጣን። የእህቴ ባል ጥቁሩን ሽፋን በመጋዝ ሲከፍተው የቆሸሸ ውሃ እየተንዶለዶለ ፈሰሰ፤ ጫማችን እስኪርስ። ከቦይለሩ የፈሰሰ አልነበረም፤ የቦይለሩ ውሃ አንድም ቀን እንዳልጎደለ መዝገቡ ይመሰክራል። ባልታሸጉት ጫፎች የገባ የዝናብና የመሬት ውሃ ነው። ሁለቱ ትኩስ ቱቦዎች ለዓመታት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተኝተው ኖረዋል።

ልጆቹ ተጨናንቀው ሲያዩ አባቴ የብር ቀለም ያለውን መጠቅለያ በሁለት ጣቱ አንሥቶ አሳያቸው። “ይኼ የረጠበ ጋቢ ነው” አላቸው። “ጋቢ መልበስና የረጠበ ጋቢ መልበስ አንድ አይደለም። የረጠበው ካለመልበስም ይብሳል።” አንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ጻፈው።

እሑድ ከጉባኤ በኋላ ሁላችንም ተመለስን። የግፊት መለኪያው የሌሊቱ ብርድ ዝቅ ካደረገው ጥቂት በቀር ቆሞ ነበር። አሸዋውን ደገምን፣ አፈሩን እስከ አጋማሽ መለስን፣ ወደፊት የሚቆፍር ሰው እንዲያውቅ የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ዘርግተን ቀሪውን ሞላን። ውሃውን ሞልተን አየሩን አስወጣን፤ በቱቦ ውስጥ የታሰረ አየር ውሃውን ያቆመዋልና። የቤቱ ራዲያተር ጥቂት አጉረመረመና ዝም አለ። እሳቱን ያቀጣጠለው አባቴ ነው። በማግስቱ ስንለካ በመሄጃውና በመመለሻው የጠፋው ተደምሮ ከግማሽ ዲግሪ በታች ነበር።

በዚያ ሳምንት የሆነውን ግን በቴርሞሜትር መለካት አይቻልም። አባቴ እንደ ልማዱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሣ። ለብሶ፣ አሸዋውን በትኖ፣ መደገፊያውን ይዞ ወጣ። የቦይለሩን በር ሲከፍት ፍሙ እንደ ቀይ አልጋ ተነጥፏል፤ ማታ ካስገባው ፍልጥ ግማሹ እንኳ አላለቀም። የሚያደርገው ነገር አልነበረም። “እዚያው ብዙ ቆምኩ” አለኝ ሲነግረኝ። “ደስ አለኝ። ደግሞ ትንሽ ከፋኝ።” ሁለቱንም ደብቆ አላስቀረም፤ እኔም ላጽናናው አልሞከርኩም። አራት ሌሊት ደጋግሞ ወጣ። በአምስተኛው ተኛ።

ክረምቱ ሲጋመስ ሁለቱን ዓመታት አነጻጸረ። ቀኖቹ እኩል ስለማይበርዱ ዝም ብሎ ወርን ከወር ማወዳደር ልክ አይሆንም አለ። ስለዚህ የውጭው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 20 አካባቢ የነበረባቸውን ቀናት ብቻ ከሁለቱም ዓመታት መረጠ። ያን ጊዜ በቀን 64 ፍልጥ፣ አሁን 45። ከቦዩ ልጆች ሁለቱ በወር አንድ ቅዳሜ እየሄዱ እንጨት ይፈልጡለታል፤ መዝገቡንም ያሳያቸዋል። “ከዜሮ በታች”ን በአማርኛ መቁጠር የቻሉት ከዚያ ወዲህ ነው።

ውድ ወጣቶች፣ በየቤታችሁ አያት ወይም አረጋዊ ወላጅ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። የሚደክሙበትን ሥራ ከእጃቸው ልትቀበሏቸው ታስቡ ይሆናል፤ አሳባችሁም መልካም ነው። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ የሚያደክማቸው ሥራው ራሱ ይሁን ወይስ በሥራው መንገድ ላይ ያለ የተበላሸ ነገር፣ ለኩ። ሁለተኛ፣ ሥራው ቢቀርባቸው ጠዋት ለምን እንደሚነሡ እነሱኑ ጠይቁ። መልሱ ቱቦ መቀየር ሊሆን ይችላል። ደረጃ ላይ መደገፊያ መግጠም ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም በእውነት ማረፍ ይሆናል፤ እሱንም ከእነሱ አፍ ስሙት።

ባለፈው ሳምንት ስጠይቀው አባቴ መዝገቡን አሳየኝ። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፤ “ውጭ ከዜሮ በታች 22። ፍልጥ 46። ሦስት ጊዜ ወጣሁ። መስመሩ ላይ በረዶ ቆይቷል። ድመቷ ሌላ ቦታ ትፈልጋለች።”